አንገቴን ያዩ ሦስት ምስክሮች

አንገታችሁን የሚያማችሁ ካላችሁ፣ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ እስክትጨርሱ ድረስ ማንም እንዳይጠመዝዝላችሁ። ከጨረሳችሁ በኋላም እንዳይጠመዝዝላችሁ። ከዚህ ሌላ የምለግሰው ብዙ ምክር የለኝም፤ ሐኪም አይደለሁም። ስሜ አስቴር ነው፤ ቦንጋ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ። ካፊኖኖ ብቻ የሚናገር ባለጉዳይ ሲቀርብ የእሱን ቃል ወደ አማርኛ፣ የዳኛውን ወደ ካፊኖኖ እመልሳለሁ። ሥራዬን ስጀምር ሳልጨምር ሳልቀንስ ላስተረጉም ምያለሁ። የራሴንም ሕመም በዚያው መሐላ ልጽፈው እሞክራለሁ። የጨመርኩት ካለ ዳኛ ስለሌለ ነው።

እናቴ የምትኖረው ጌሻ ወረዳ፣ ደካ ነው። በዚያ አካባቢ አንገቱ የደረቀ፣ ትከሻው የወለቀ፣ ወገቡ የተያዘ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሷን በር ነው። ወጌሻ ናት። እጆቿ ትንንሽ ናቸው፤ አውራ ጣቶቿ ግን ጉድ ናቸው። ቅቤ በመዳፏ ታሞቅና ከጆሮ ሥር ጀምራ ወደ ትከሻ ትወርዳለች፤ የቆሰለውን ቦታ ሳትነግሯት ታገኘዋለች። ከዚያ በኋላ ያለው የእሷ ዘዴ ነው። ታማሚው እንዳይገታተር ወሬ ትጠይቀዋለች። «ላሚቱ ወለደች?» ትለዋለች። ሰውዬው ሊመልስ አፉን ሲከፍት፣ ሳያስበው አንገቱን ቀጭ ታደርገዋለች።

በልጅነቴ ይህን ዘዴዋን አውቅ ስለነበር ጥያቄ ስትጠይቀኝ አፌን ግጥም አድርጌ እዘጋ ነበር። እሷም አትቸኩልም፤ ጥያቄ ትቀይራለች። ጎረቤት ስለተጣሉት ባልና ሚስት ትጠይቀኛለች። እኔ ደግሞ ወሬ አይቶ የሚያልፍ አንደበት አልተሰጠኝምና «እንዴ፣ ታረቁ እኮ!» ስል፣ ቀጭ። ከዚያ ተያይዘን እንስቃለን። ለእኔ የእናቴ ፍቅር ማለት ይኸው ነበር፤ የቅቤ ሽታ፣ ሁለት የሞቁ መዳፎች፣ ሳላስበው የሚመጣ ቀጭታና ሳቅ።

በአንዱ ዓመት ለመስቀል ደካ ስሄድ አንገቴ ደርቆ ነበር። አስተርጓሚ መሐል ቆሞ አንዴ ወደ ዳኛው፣ አንዴ ወደ ባለጉዳዩ ሲዞር ነው የሚውለው። ያን ሰሞን ደግሞ ችሎቱ በሥራ ተጨናንቆ ነበር። እናቴ ገና ከበሩ ስገባ አየችኝና «ምነው እንደ ግንድ ተገተርሽ? ነይ ቁጭ በይ» አለችኝ። ቅቤውን አሞቀች። አሸችኝ። ከዚያም «ታደለ ደህና ነው?» አለችኝ። ታደለ ባለቤቴ ነው፤ ቦንጋ ላይ የራሱን ባጃጅ ይነዳል። «ደህና ነ...» ስል ቀጭ አለ። እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ከጆሮዬ ሥር አንዳች ትኩስ ነገር የፈሰሰ መሰለኝ። «ውይ!» አልኩ። «የዳኞቹ ክርክር ነው የወጣልሽ» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። አንገቴ እንደ ልቤ ዞረልኝና ደስ ብሎኝ ወደ ቦንጋ ተመለስኩ።

ጥቂት ቆይቶ ከግራ ዓይኔ ጀርባ ራስ ምታት ጀመረኝ። ቀጥሎ በግራ ጆሮዬ ድምፅ መጣ። ሹው፣ ሹው፣ ሹው ይላል። ከልቤ ምት ጋር እኩል ነው የሚሄደው፤ ዳገት ስወጣ ይፈጥናል፣ ስቀመጥ ይረጋል። ጋደም ስል ደግሞ ትራሱን አልፎ ይጮህብኛል። የግራ ዓይኔ ቆብም ትንሽ ወረድ አለ። ታደለ ሲያየኝ «ዛሬ ደግሞ ትጠቅሺኝ ጀመር? በስተርጅና?» እያለ ይቀልድ ነበር። ሁለታችንም ስቀን አለፍነው። በኋላ ስንሰማ ያ የወረደ የዓይን ቆብ ዋናው ምልክት ኖሯል።

አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ጆሮዬን አጥበው ጠብታ ሰጡኝ። ድምፁ ታጥቦ ጭራሽ ጠራ። ጎረቤቶቼ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ አሽተው አሸተቱኝ፤ ዳማከሴውን ወደድኩት፣ ድምፁ ግን አልሄደም። ሌላ ቦታ «ነርቭ ነው፣ ጭንቀት ቀንሺ» ተብዬ የቫይታሚን መርፌ ተወጋሁ። ጭንቀት ቀንሺ የሚል ሰው ደሜ ጆሮዬ ሥር ሲጮህ ቢሰማ ኖሮ ምን ይል እንደነበር እንጃ። እኔ ግን በልቤ መድኃኒቴን አውቀው ነበር። እናቴ ጋ ልሂድ፣ እሷ ትያዝልኝ እል ነበር። ሕመሙ በጠና ቁጥር የእጆቿ ናፍቆት ባሰብኝ። ቅቤ ሲነጠር በሸተተኝ ቁጥር እንባዬ ይመጣ ነበር።

ከዚያ ችሎት ላይ ያ ቀን መጣ። የመሬት ክርክር ነበር። አንድ አዛውንት ድንበራቸው እስከ የትኛው ዛፍ እንደሚደርስ በካፊኖኖ አስረዱ። እኔ ወደ ዳኛው ዞርኩና የሰማሁትን ተናገርኩ። ዳኛው ዝም ብለው ያዩኛል። ደገምኩላቸው። አሁንም ዝም። ሰው መሣቅ ጀመረ። አዛውንቱ ናቸው በካፊኖኖ «ልጄ፣ ይህንማ እኔው ነኝ የነገርኩሽ» ያሉኝ። ለካ የሳቸውን ካፊኖኖ በካፊኖኖ ነበር የምመልሰው። አማርኛ ልፈልግ ወደ ራሴ ውስጥ ገባሁ፤ ቤቱ ባዶ ነው። አንድ ቃል የለም። ቀኝ እጄ ላይ የነበረው ብዕርም ሳላውቀው ወድቋል። ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። ብዙም ሳይቆይ «ውሃ» የሚለው ቃል መጣልኝ፤ ተከትሎትም ሌላው ሁሉ እየተግተለተለ መጣ። ግን ያን ባዶ ቤት አንዴ አይቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ የፈራሁት ሞትን አልነበረም፤ እሱን ነው።

ታደለ በባጃጁ በርሮ መጣ። «ሆስፒታል» አለ። «ደካ» አልኩ። ተጨቃጨቅን፤ አለቀስኩበት፤ ለእንባ እጁን የሚሰጥ ሰው ነውና በማግሥቱ የደካ ሚኒባስ ተሳፈርን። ዝናቡ ለቀናት አልተወም ነበር። መንገድ ላይ ዳገቱ ተንሸራትቶ አንድ የጭነት መኪና ጭቃ ውስጥ እስከ ሆዱ ሰምጦ ተጋድሟል። ሾፌሩ «ዛሬ ማለፍ የለም» ብሎ ሚኒባሱን አዞረ። ያን ጭቃ ረገምኩት። እናቴ ዘንድ ሊያደርሰኝ የነበረውን መንገድ የዘጋ ጠላት አድርጌ ቆጠርኩት። ዛሬ በዚያ ሳልፍ እጅ ብነሣው ደስ ይለኛል፤ ያን ቀን አልፌ አንገቴን ዳግመኛ ቢይዙት ኖሮ ይህን የሚጽፍላችሁ ሰው አይኖርም ነበር።

ታደለም ከዚህ በኋላ እንባዬን አልሰማም፤ ወደ ጅማ ይዞኝ ሄደ። እዚያ አንድ ክሊኒክ ውስጥ አንገቴን በአልትራሳውንድ አዩት። አልትራሳውንድ ማለት ያቺ እርጉዞች የሚታዩባት መሣሪያ ናት፤ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ወደ ውስጥ ልካ በሚመለሰው ነው ሥዕል የምትሠራው። ውጤቱ «ደም ሥሮቹ ንጹሕ ናቸው» የሚል ነበር። ታደለ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ አመሰገነ። እኔ ግን ሹው፣ ሹው እያለብኝ እንዴት ልመን? አንድ ረጋ ያለ ሐኪም ግን አልለቀቀኝም። ማዳመጫውን ከመንጋጋዬ ሥር አድርጎ «ትንፋሽሽን ያዢ» አለኝ። ዝም ብሎ አዳመጠ። ከዚያ «እኔም ሰማሁት» አለ።

ይህን ቃል እንዴት ልግለጸው? ያን ሁሉ ጊዜ ብቻዬን ይዤው የዞርኩትን ድምፅ ሌላ ሰው ሰማው። አላበድኩም ማለት ነው። እጁን ይዤ አለቀስኩ። ሐኪሙ መሣሪያዋ ከመንጋጋ አጥንት በላይ ያለውን ማየት እንደማይሆንላት ነገረን፤ ችግሩ እዚያ ላይ ሊሆን ይችላልና አዲስ አበባ ሄዳችሁ በሌላ መሣሪያ ታዩ አለን። የመጀመሪያዋ ምስክር፣ አልትራሳውንዷ፣ ያየችውን ንጹሕ ነው አለች እንጂ አልዋሸችም ነበር።

ታደለ ባጃጁን ሸጠ። ሲሸጥ አልነገረኝም፤ አዲስ አበባ ደርሰን ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተራ ስንጠብቅ ቁልፉ ከኪሱ ሲጠፋ ነው ያወቅሁት። ያ ኮሪደር ሌላ አገር ነው። ሁሉም ፖስታውን ታቅፎ ይቀመጣል፤ ስም ሲጠራ ሁሉም ይነሣል። ከአጠገቤ የምትቀመጥ አንዲት ሴት በየቀኑ ከቆሎዋ ታካፍለኝ ነበር፤ ስሟን ሳልጠይቃት ተለያየን። ካፊኖኖ የሚናገር አንድም ሰው የለም። ታደለ ቦንጋ ቢያድግም የሰሜን ሰፋሪ ልጅ ነው፤ ካፊኖኖው ከገበያ አያልፍም። ቋንቋዬን ለመስማት ስል እናቴ ጋ እደውል ነበር።

«መቼ ነው የምትመጪው?» ትለኛለች።

«ሐኪሞቹ ሲለቁኝ።»

«እዚያ ማንም እንዳይነካሽ። ከተሜ እጁ ቀዝቃዛ ነው። እኔ እይዝልሻለሁ።»

ስልኩን ከዘጋሁም በኋላ ከጆሮዬ አላወርደውም ነበር። ማንም እንዲህ ናፍቆኝ አያውቅም፤ ታደለ በእጮኝነታችን ጊዜ እንኳ።

ሐኪሜ ዶክተር ሕሊና ትባላለች፤ ወጣት ናት፤ ስትናገር አትቸኩልም። ገና ስታየኝ ዓይኗ የዓይኔ ቆብ ላይ ቆመ። «ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች። ታደለ አንገቱን ደፋ፤ የጥቅሻው ቀልድ ትዝ ብሎት ነው። ኤምአርአይ አዘዘችልኝ። ያ መሣሪያ ማግኔት ነው፤ ሰውን ጠባብ ዋሻ ውስጥ አጋድሞ ብረት የሚቀጠቀጥ ዓይነት ጩኸት ያሰማል። ውጤቱን ኮምፒዩተሩ ላይ አሳየችን። በቀኝ በኩል ወደ አንጎል የሚወጣው ደም ቅዳ ነጭ መስመር ሆኖ እስከ ላይ ይታያል። በግራ በኩል ከመንጋጋዬ ጀርባ ሲደርስ መስመሩ ይጠፋል፤ ከዚያ በላይ ተመልሶ ይጀምራል። መሐሉ ባዶ ነው።

«የደም ቅዳው የውስጥ ሽፋን ተሰንጥቋል» አለች። «ደሙ በስንጥቁ ገብቶ ግድግዳው ውስጥ ረግቶ መንገዱን አጥብቦታል። ወ/ሮ አስቴር፣ ይህ ከመጀመሩ በፊት የመኪና አደጋ ደርሶብዎት ነበር? ወይስ አንገትዎን የጠመዘዘዎት ሰው አለ?»

ታደለ አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«እናቴ አሽታኛለች» አልኩ በመጨረሻ። «እሷ ግን ዕድሜ ልኳን ስታሽ ነው የኖረችው።»

ዶክተሯ የተናገርኩትን መዝገቡ ላይ ጻፈችው። መጻፏ አናደደኝና «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!» አልኳት፤ ለሐኪም የሚባል ነገር አልነበረም። አልተቆጣችም። «እርግጠኛ መሆን አልችልም» አለች። «ሰው ሲያስነጥስም የሚሰነጠቅበት ጊዜ አለ። ግን የጀመረበትን ጊዜ ስመለከት የመጠምዘዙ ነገር ነው የሚመስለኝ።» ከወጣን በኋላ ታደለን ለእናቴ ትንፍሽ እንዳይል አስማልኩት።

ያ ባዶ ቦታ በሐኪሞቹ መሐል ክርክር አስነሣ። አንዳንዶቹ ስቴንት ይግባላት አሉ፤ ስቴንት ማለት ከሽቦ መረብ የተሠራ ትንሽ ቱቦ ነው፤ ከብሽሽት በደም ሥር ተሹለክልኮ ይሄድና የጠበበውን ይከፍታል። ታደለ ወዲያው ይደረግ አለ። «ቧንቧ ተዘግቶ ምን ይጠበቃል?» ይላል። እኔ ግን ስለ አደጋው ጠይቄ ነበር። ቱቦው ሲያልፍ ከረጋው ደም ቁራጭ ተነሥቶ ወደ ላይ ሊሄድ ይችላል፤ የሚሄደውም በግራ በኩል ነው፤ በአብዛኛው ሰው ቃላት የሚኖሩት ደግሞ በዚያ በኩል ነው። «ከሁለቱ ቋንቋዎቼ የትኛው ይቀድማል?» ብዬ ዶክተር ሕሊናን ጠየቅኋት። «አላውቅም» አለችኝ። አማርኛ ከሄደ እንጀራዬ ይሄዳል። ካፊኖኖ ከሄደ ግን ከእናቴ ጋር በምን እናወራለን? እሷ አማርኛዋ ከሰላምታ አያልፍም። በዚህ ነገር ከታደለ ጋር ተኳረፍን፤ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ጀርባና ጀርባ ሆነን ሰነበትን። ባጃጁን የሸጠልኝን ሰው መኩረፍ ምን ያህል እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል።

ዶክተር ሕሊና ከመወሰኗ በፊት ሲቲ ስካን አዘዘች። እዚያ ደግሞ በክንዴ ቀለም ሰጡኝ፤ ሰውነቴ ከአንገቴ እስከ እግሬ ሞቀኝ፤ ወዲያው አለቀ። በሲቲው ሥዕል ላይ ያ ባዶ ቦታ ባዶ አልነበረም። መንገዱ ጠቧል፣ ተጣሟል፣ ጎኑ ላይም አብጧል፤ ግን አልተቋረጠም። እንግዲህ አንድ አንገት፣ ሦስት ቃል ሆነ። አንዱ ደህና ነው ይላል፣ አንዱ ተቆርጧል ይላል፣ አንዱ ጠቧል ይላል።

ይህን የሚመረምር ናትናኤል የሚባል መሐንዲስ ነበር። ሥራው ሐኪሞች ካነሷቸው ሥዕሎች የደም ቅዳን ቅርፅ በኮምፒዩተር መሥራትና ደም በውስጡ እንዴት እንደሚፈስ ማስላት ነው። ሥዕሎቼን ለጥናቱ እንዲጠቀምባቸው ፈቃዴን ጠየቀኝ፤ «የምታገኘውን እኔም ካየሁ» ብዬ ፈቀድኩ። ጠርቶን አሳየን። ከኤምአርአዩ የሠራው አንገቴና ከሲቲው የሠራው አንገቴ ጎን ለጎን ቆመዋል። በአንዱ ደሙ እየወጣ መጥቶ ግድግዳ ይመታና ይቆማል። በሌላው ወደ ጠባቡ ሲደርስ ፈጥኖ ቀይ ይሆናል፣ ካለፈ በኋላም ይሽከረከራል። የምሰማው ድምፅ ያ ሽክርክሪት ነው አለኝ። ድምፄን በዓይኔ አየሁት።

«ታዲያ የትኛው ነው የእኔ?» አልኩት።

«እትዬ አስቴር፣ ጥያቄው እሱ ነው» አለ። ያ ኤምአርአይ ሥዕሉን የሚሠራው ከሚንቀሳቀስ ደም ነው፤ ደሙ ቀጥ ብሎ ሲፈስ በደንብ ያየዋል፣ ሲሽከረከር ግን ይጠፋበታል፤ ስለዚህ ያለውን መንገድ የለም ሊል ይችላል። ሲቲው የሚያየው ቀለሙ የሞላውን ቦታ ነው፤ ቅርፁን ያገኛል፣ ፍጥነቱን ግን አይነግርም። በግድግዳው ውስጥ የረጋውን ደም ጥርት አድርጎ ያሳየው ደግሞ ኤምአርአዩ ነው። ከዚያ ዶክተር ሕሊና ያቺን የጅማዋን አልትራሳውንድ መሰል መሣሪያ አስመጣች። አልትራሳውንድ ላይኛውን ቅርፅ ባታይም ከታች የሚያልፈውን ደም ፍጥነት ትለካለች። መንገዱ በእርግጥ ተቆርጦ ቢሆን ከታች ያለው ደም ቆሞ ይገኝ ነበር። አልቆመም። የተለካው ፍጥነት ከሲቲው ሞዴል ጋር ተቀራረበ።

እኔ በሕይወቴ ሙሉ ምስክር ሳስተረጉም የኖርኩ ሰው ነኝና ነገሩ ገባኝ። በአንድ የድንበር ጉዳይ አንዱ ከወንዙ ማዶ ቆሞ ያየ፣ አንዱ ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅል ያየ፣ አንዱ አጥር ሥር ሆኖ ድምፅ ብቻ የሰማ ይመጣል። ቃላቸው አይገጥምም። ሰነፍ ዳኛ ሁለቱን ሐሰተኛ ይላቸዋል። ጎበዝ ዳኛ የት ቆማችሁ ነበር ብሎ ይጠይቃቸዋል። ይህን ስነግራቸው ዶክተር ሕሊና ሳቀችና «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ነው፤ እዚህ ሦስት ሆነልን» አለች። ወዲያው ግን ፊቷን አጠንክራ «ሞዴሉ ብቻውን አይፈርድም፤ እርስዎንም አይቼ ነው የምወስነው» አለችኝ። ወሰነችም። ስቴንት አይገባም። ደም ማቅጠኛ እየወሰድኩ እጠብቃለሁ፤ ስንጥቁ በራሱ ሊሽር ይችላል። ከባድ አልሸከምም፣ አንገቴን ማንም አይነካም፣ እስክሽር ድረስ ጎርባጣ መንገድ አልሄድም።

ጎርባጣ መንገድ ማለት ደካ ማለት ነው።

ቦንጋ ተመልሼ የተቀመጥኩበት ጊዜ ከሁሉም ከባዱ ነበር። ታደለ የሰው ባጃጅ እየነዳ ያመሻል፤ ኩርፊያችን በዚያው ቀረ፣ ማን ማንን እንደታረቀ አላስታውስም። ጥርሴን ስፋቅ ድዴ በደማ ቁጥር እደነግጣለሁ። አንድ ቃል ከዘገየብኝ ያ ባዶ ቤት መጣ ብዬ ልቤ ይመታል፤ ልቤ ሲመታ ጆሮዬ ይጮሃል። እናቴ መኪና አይስማማትም፤ በሽተኞቿንም ጥላ አትመጣም። «ምነው ቀረሽ? ምን አጠፋሁ?» ማለት ጀመረች። ምን ልበላት? በመንገደኛ እጅ ቅቤ ላከችልኝ፤ «ለአንገቷ» ብላ። ቅቤውን በመዳፌ አሙቄ አሸተትኩት። አንገቴን ግን አልቀባሁትም፤ እጄን ብቻ አሸት አሸት አድርጌ ቁጭ አልኩ።

ድምፁ እየሳሳ መጣ። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ በርበሬ እያስመዘንኩ፣ ሻጯ የምትለውን በሁለቱም ጆሮዬ እንደምሰማት አወቅሁ። ሹውታው የለም። መደሰት ሲገባኝ ደነገጥኩ፤ ጭራሹን ተዘግቶ ቢሆንስ? አዲስ አበባ ሄደን ሲቲው ተደገመ። ዶክተር ሕሊና የድሮውንና የአዲሱን ጎን ለጎን አድርጋ አሳየችን። መንገዱ ተከፍቷል፤ ትንሽ ጠባሳ ብቻ ቀርቶታል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው እውነት ነው። ታደለ እዚያው ኮሪደር ላይ ተንበረከከ። ናትናኤል ደግሞ ለተማሪዎቹ ማሳያ ከመጀመሪያው ሲቲ በፕላስቲክ ያተመውን የደም ቅዳዬን ቅርፅ አንድ ቅጂ ሰጠኝ፤ ጣት የሚያክል፣ የተጠማዘዘ ነጭ ቱቦ ነው፤ መሐሉ ላይ ቀጥኖ ጎኑ ያበጠ። «ጎርባጣ መንገድስ?» አልኳት ዶክተሯን። «ቀስ ብለው» አለች።

ደካ ስደርስ ደጁ ላይ አንድ ገበሬ እጁን አንገቱ ላይ አድርጎ ተራውን ይጠብቃል። እናቴ ከውስጥ ቅቤ ታሞቃለች። ስታየኝ ጮኸች፤ አቀፈችኝ፤ ወዲያው የለሰለሱ እጆቿ ወደ አንገቴ ወጡ። «ነይ ቁጭ በይ፣ አንቺ ትቅደሚ። እሱ ይጠብቃል።»

እጆቿን ያዝኳቸው። ያን ሁሉ ጊዜ የናፈቅኋቸውን እጆች በገዛ እጄ ከአንገቴ አወረድኳቸው። ያን ቱቦ መዳፏ ውስጥ አስቀመጥኩና ችሎት ላይ እንደማደርገው አደረግሁ። አስተርጓሚ በተናጋሪው አፍ ነው የሚናገረው፤ «እሷ እንዲህ አለች» አይልም። በካፊኖኖ «እኔ ሐኪም ነኝ» ብዬ ጀመርኩ። «ይህ የልጅሽ ደም ቅዳ ነው። የውስጥ ሽፋኑ ተሰንጥቆ ነበር። እርግጠኛ መሆን አልችልም፤ ሰው ሲያስነጥስም የሚሰነጠቅበት ጊዜ አለ። ግን የጀመረበትን ጊዜ ስመለከት የመጠምዘዙ ነገር ነው የሚመስለኝ።» አልጨመርኩም። አልቀነስኩም። መቀነስ ግን አምሮኝ ነበር።

እናቴ ቱቦውን አላየችውም። በአውራ ጣቷ ከታች ጀምራ እየዳበሰች ወጣች፤ ከመንጋጋ በላይ በሚሆነው ቦታ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ወደ ኋላ መለሰችው። እንደገና ቆመ።

«የመስቀል ለት ነው?» አለችኝ።

«አዎ፣ እማ። ከዚያ በኋላ ነው የጀመረኝ።»

ቱቦውን መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ተነሥታ ወደ ደጅ ወጣች፤ ገበሬውን «አንገት መያዝ ትቻለሁ፤ ጤና ጣቢያ ሂድ» ስትለው ሰማሁ። ሰውዬው የቀለደች መስሎት ሳቀ። «ሂድ አልኩህ» አለችው። ተመልሳ ገብታ ቅቤውን ከእጇ በጨርቅ ትጠርግ ጀመር፤ ከጠራም በኋላ መጥረጓን አልተወችም። እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፍቷት ነበር።

«እማ» አልኳት፣ «ፀጉሬን ሥሪኝ።»

አየችኝ። ሻሼን ፈታሁና ከዱካዋ ሥር ወለሉ ላይ ልቀመጥ ጎንበስ ስል ያዘችኝ። ልጅ ሳለሁ ስትሠራኝ እሷ ዱካ ላይ፣ እኔ ከእግሯ ሥር ሆነን፣ አንገቴን ወደ ጉልበቷ አድርጌ ነበር። «አይሆንም» አለች። «አንቺ ዱካው ላይ ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ። እኔ እቆማለሁ።» ጉልበቷ እንደሚያማት አውቃለሁ፤ ግን አልተከራከርኳትም። ከኋላዬ ቆማ ፀጉሬን ከፈለችው፤ ጣቶቿ ጆሮዬ አጠገብ ሲደርሱ ይዞራሉ እንጂ አንገቴን አይነኩም። አንዱን ጉንጉን ጨርሳ ሁለተኛውን ስትጀምር፣

«ታደለ ደህና ነው?» አለችኝ።

አንገቴ በራሱ ደረቀ። አፌ ተዘጋ። ከኋላዬ ጣቶቿም ቆሙ፤ የጠየቀችኝ የመስቀል ለቱን ጥያቄ እንደሆነ ሁለታችንም አወቅን። ፀጉሬን ሳትለቅ፣ ሳትስብ፣ ጠበቀችኝ።

«ደህና ነው» አልኳት በመጨረሻ፤ አፌን ከፍቼ፣ ቃሉን እስከ ዳር ጨርሼ።

ቀስ ብላ ጉንጉኑን ቀጠለች።